የአዘቦት ቀን መዝገብና የደቻቱ ሌሊት

  

የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ተለያይተው የኖሩ ሁለት ጥያቄዎችን ማገናኘት ነው። አንደኛው፣ ኦፕራሲዮን ለመደረግ ወደ ሆስፒታሎቻችን የሚመጣው ሰው ማን ነው፣ ከየት ይመጣል፣ በስንት ሰዓቱ ይደርሳል፣ ምን ሆኖ ይገባል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ነገ ሌሊት ከባድ አደጋ ቢደርስ ድሬዳዋ ስንት ሰው ልታድን ትችላለች የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ያጠኑታል፤ ሁለተኛውን የአደጋ ሥጋት ባለሙያዎች በዕቅድ ሰነድ ያሰፍሩታል። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ግን እምብዛም አይታይም። እኔ የማምነው የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከሞላ ጎደል በመጀመሪያው ውስጥ እንደሚገኝ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ስለ አዘቦት ቀን ታካሚ እናገራለሁ፤ ከዚያ ወደ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ እሻገራለሁ፤ ቀጥሎ በትንኝ ስለሚመጣው አደጋ ጥቂት እላለሁ፤ በመጨረሻም ምን እናድርግ የሚለውን አነሳለሁ።

ከራሳችን አህጉር ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ አፍሪካ የቀዶ ሕክምና ውጤት አንድ ሰፊ ጥናት ታትሞ ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ25 አገሮች የሚገኙ 247 ሆስፒታሎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ኦፕራሲዮን ያደረጉላቸውን ከ11 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች መዘገቡ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ሰው ምን እንደደረሰበት ተከታተሉ። የታካሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 38 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነበር። አብዛኞቹ ከያዛቸው ችግር በቀር ሌላ ከባድ ሕመም የለባቸውም። ከሦስቱ አንዷ በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ናት። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመጡት ቀጠሮ ይዘው ሳይሆን በድንገተኛ ነው። እንዲህ ወጣትና ጤነኛ ሆነው ሳለ፣ ከመቶው ሁለት ያህሉ ሞቱ፤ ይህ ከዓለም አማካይ እጥፍ ነው።

ከሞቱት ውስጥ ከመቶ 94ቱ የሞቱት ኦፕራሲዮኑ ከተደረገበት ቀን በኋላ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ፣ ቤተሰብ «ተመስገን» ብሎ፣ ታካሚው ወደ ዋርድ ከገባ በኋላ ማለት ነው። ትኩሳቱ የጨመረውን፣ ደም ግፊቱ የወረደውን፣ ቁስሉ ማመርቀዝ የጀመረውን ሰው በሌሊት ዞሮ የሚያይ ነርስ ከታካሚው ብዛት አንጻር ሲያንስ የሚሆነው ይህ ነው። ስለ ቀዶ ሕክምና ስናወራ ዓይናችን ኦፕራሲዮን ክፍሉ ላይ ብቻ ይተከላል፤ ሞቱ ግን በአመዛኙ ያለው ከበሩ ወዲህ ነው።

አሁን ወደ ድሬ ልምጣ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 233,224ቱ በከተማዋ የሚኖሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ምን ያህል እንደሰፋች በዓይናችሁ ያያችሁት ነው። ድል ጮራ ሆስፒታል የሚያክመው ግን ከተማዋን ብቻ አይደለም። ከሱማሌ ክልል ከሽንሌና ከኤረር አቅጣጫ፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ ገጠር፣ ከጅቡቲ መንገድ ላይ ከተገለበጠ የጭነት መኪና፣ ከደንገጎ ቁልቁለት ፍሬን ከከዳው ተሽከርካሪ ሰው ይመጣል። ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ለግማሽ ቀን ብትቆሙ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሱማሊኛና ሐረሪኛ በአንድ ወረፋ ውስጥ ትሰማላችሁ።

የእያንዳንዱን ታካሚ ሕይወት የሚወስነው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ያለፈበት መንገድ ነው። እግሩ የተሰበረ የገጠር ልጅን ውሰዱ። መጀመሪያ የሚወሰደው ወጌሻ ዘንድ ነው፤ ወጌሻው ቅርብ ነው፣ የታወቀ ነው፣ ቤተሰቡ ቋንቋውን ይሰማል፣ ክፍያውም ይቻላል። ብዙ ስብራት እዚያው ይድናል። ነገር ግን ቀርከሃው ወይም እንጨቱ ጠብቆ ከታሰረ፣ ውስጡ እያበጠ ሲሄድ ደም መተላለፊያው ይዘጋል። ልጁ ይጮኻል፤ «ስብራት ነው፣ ያማል፣ ቻል» ይባላል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን መጮኹን ያቆማል፤ ያቆመው ሥጋው ስለሞተ ነው። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ የቀረው ምርጫ መቁረጥ ነው። እንዲህ ያለ ጋንግሪን በአገራችን የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግሞ ተመዝግቧል። ወጌሻን መውቀስ ለማንም አይጠቅምም። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያውን ወዲያው ፈትቶ ልጁን ወደ ሆስፒታል መላክን ማስተማር ግን እግር ያድናል።

የከተማው ታካሚ ደግሞ ብዙ ጊዜ በባጃጅ ይደርሳል። ሾፌሩ ሰብአዊ ሆኖ ሥራውን ትቶ ይሮጣል፤ የተጎዳው ሰው ግን ታጥፎ፣ አንገቱ ተንጋዶ፣ ደሙ ሳይታሰር ነው የሚጫነው። ትርፍ አንጀቱ የታመመ ወጣት ለቀናት በቤት ማስታገሻ ሲቆይ አንጀቱ ይፈነዳል። የአንጀት መጠማዘዝ የያዘው ገበሬ ሆዱ ከበሮ እስኪያክል ከተነፋ በኋላ ይመጣል። ማደንዘዣ ሰጪውም በዚህ አካባቢ ሳይጠይቅ የማያልፈው ጥያቄ አለው፤ «ዛሬ ጫት ቅመሃል? ስንት ሰዓት ላይ?» ይላል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ይህን ሳያውቁ ማደንዘዝ አደገኛ ነው። ታካሚው የሚገሠጽ መስሎት እንዳይደብቅ ጥያቄው በአክብሮት መጠየቅ አለበት፤ እናንተም ቤተሰብ ሆናችሁ አጠገቡ ስትቆሙ እውነቱን እንዲናገር አበረታቱት።

እነዚህን ነገሮች ሁሉ የሚያውቅ አንድ ዕቃ አለ፤ ኦፕራሲዮን ክፍል በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትልቁ መዝገብ። ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ ምርመራው፣ የተደረገው ቀዶ ሕክምና፣ የሐኪሙ ፊርማ ይጻፍበታል። ከእነዚህ ዓምዶች ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝ የሰዓቱ ነው። አንድ መስመር ላይ «8፡00» ተብሎ ተጽፏል እንበል። የጻፈችው የሌሊት ተረኛ ነርስ በአገር ቤት አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማለቷ ሊሆን ይችላል። ከቀኑ ስምንትም ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ያለውን መስመር የጻፈው ሐኪም ደግሞ በትምህርት ቤት በለመደው በፈረንጅ ሰዓት ጽፎ እንደሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ተመራማሪው ከዓመታት በኋላ መዝገቡን ሲገልጥ አንዲት ምጥ የጠናባት እናት ለኦፕራሲዮን ከተወሰነላት በኋላ ስንት ደቂቃ እንደጠበቀች ማስላት ይፈልጋል፤ ስሌቱ አንዳንዴ ስድስት ሰዓት ይሰጠዋል፣ አንዳንዴም ልጇ ውሳኔው ከመወሰኑ በፊት የተወለደ ያስመስለዋል። ከዚያ ምን ያደርጋል? የሰዓቱን ዓምድ ይተወዋል። ዕድሜና ጾታ፣ የጋብቻ ሁኔታና የትምህርት ደረጃ በመቶኛ ተሰልተው ይታተማሉ፤ ሰው የሚያድነው ሰዓት ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራውን ያሳተመው የላንሴት የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን አምስት ቢሊዮን ሰው ደህንነቱ የተጠበቀና አቅሙ የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና እንደማያገኝ ገልጾ ነበር። አንድ ሆስፒታል ብቁ ነው ለማለት ሦስት ነገሮችን መሥራት አለበት ይላል፤ በኦፕራሲዮን ማዋለድ፣ ሆድ ከፍቶ ማከም፣ አጥንቱ ሥጋ ቀዶ የወጣ ስብራትን ማከም። ሕዝቡም እዚያ በሁለት ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። አገራችን በዚህ በኩል እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ እያሠለጠነች ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች ልካለች፤ ጤና ሚኒስቴር በ2016 እ.ኤ.አ. «ሳልትስ» በሚል ምህጻር የሚታወቀውን የቀዶ ሕክምና መርሐ ግብር ጀምሯል። ነገር ግን ሁለት ሰዓት የሚለው መለኪያ ትርጉም የሚኖረው ሰዓቱ በትክክል ሲጻፍ ነው።

እስካሁን ስለ አዘቦት ቀን ተናገርኩ። ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ አደጋው ልለፍ።

ከሐምሌ 29 ለ30 1998 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥም ዘመድ የቀበረ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ በጥንቃቄ እናገራለሁ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የቆመችው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሚወጡ ተራሮች ግርጌ ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን ውኃው በአጭር ርቀት ያን ሁሉ ከፍታ ተወርውሮ ይወርዳል፤ ድሬ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ያን ሌሊት የመጣው ሰው በተኛበት ነው። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ 10 ሺህ ገደማ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል።

የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ይህን አደጋ ሲያይ ከሌላው ሰው የተለየ ነገር ያያል። አደጋዎች የሚተዉት ቁስለኛ አንድ ዓይነት አይደለም። የመሬት መንቀጥቀጥ ለአንድ ሟች ብዙ ቁስለኛ ይተዋል፤ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ለሳምንታት ይጨናነቃል። ድንገተኛ ጎርፍ ግን በአብዛኛው የሚገድለውን ወዲያው ይገድላል፤ የተረፈው ሰው ቁስሉ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ቆርቆሮ የቀደደው ክንድ፣ ድንጋይ የመታው ሽንጥ፣ ጭቃ የገባበት ስብራት ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ስህተት የሚፈጸመው። ሐኪሙ ደክሞታል፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ቁስሉን አጥቦ ወዲያው ይሰፋዋል። ከቀናት በኋላ ከስፌቱ ሥር መግል ይቋጥራል። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ በእስያ የባሕር ዳርቻዎች ከደረሰው ሱናሚ በኋላ በችኮላ የተሰፉ ቁስሎች በብዛት ተመርቅዘው እንደገና መከፈት ነበረባቸው። ትክክለኛው መንገድ የታወቀ ነው፤ ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ የሞተውን ሥጋ ማስወገድ፣ የቴታነስ መከላከያ መስጠት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ክፍቱን መተው፣ ከአራትና አምስት ቀን በኋላ ንጹሕ ከሆነ መስፋት። ይህ ማለት አንድ ቁስለኛ ሁለት ጊዜ ይመጣል ማለት ነው። ዕቅድ የሚያወጣ ሰው መቶ ቁስለኛ ካሰበ፣ ሁለት መቶ የመኝታና የመሣሪያ ፍላጎት ማሰብ አለበት።

ሌላም አለ። ጎርፉ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በወንዙ ሁለት ዳር ያሉት ከዚራና መጋላ የተባሉት ሰፈሮች ተቆራርጠው ሊያድሩ ይችላሉ። ታዲያ ያን ሌሊት ተረኛ ያልሆነችው ማደንዘዣ ሰጪ ቤቷ በየትኛው ወገን ነው? የኦፕራሲዮን ነርሱስ? የደም ባንክ ባለሙያውስ? ይህን ለማወቅ ከባድ ጥናት አያስፈልግም፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ዝርዝር ነው። የሠራተኞች መኖሪያ ከወንዙ አንጻር በካርታ ላይ ይቀመጥ፤ ሁለቱም ዳርቻዎች ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ የቀዶ ሕክምና ቡድን እንዲኖር ተረኝነቱ ይደልደል።

አሁን የንግግሬ ዋና ወደሆነው ነጥብ ደረስኩ፤ ቀስ ብዬ ላስረዳ። ብዙ የአደጋ ዕቅዶች ከውጭ የተቀዱ ናቸው፤ በእነሱም ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጠፋም፤ አደጋ ሲደርስ ቀጠሮ ያላቸው ኦፕራሲዮኖች ይራዘማሉ፣ በዚህም አልጋና ጠረጴዛ ይለቀቃል የሚል። ይህ የሚሠራው ከታካሚው አብዛኛው ቀጠሮ ይዞ በሚመጣበት አገር ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው በድንገተኛ የሚመጣ፣ ከሦስት አንዷ በኦፕራሲዮን የምትወልድ ከሆነስ ምን ይራዘማል? ምጥ አይራዘምም። የፈነዳ አንጀት አይራዘምም። ስለዚህ አንድ ሆስፒታል በአደጋ ሌሊት ያለው ትርፍ አቅም ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ዕቅዱ ላይ አይገኝም፤ በየቀኑ ከሚገቡት ታካሚዎች ስንቱ ቀጠሮ ያለው፣ ስንቱ ድንገተኛ እንደሆነ በሚነግረን መዝገብ ላይ ነው። በድል ጮራና በሳቢያን ሆስፒታሎች ይህ ድርሻ በየወሩ ቢሰላ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ለብቻ ቢታይ፣ ከተማዋ ስንት ቁስለኛ እንደምትችል በግምት ሳይሆን በቁጥር ማወቅ ትችላለች። ሌላውንም ቁጥር አብረን እንጠይቅ፤ ስንት የሆድ መክፈቻ የመሣሪያ ስብስብ አለ? አንድ ስብስብ ታጥቦ፣ አውቶክሌቭ በሚባለው የመሣሪያ ማምከኛ ገብቶ፣ ቀዝቅዞ እስኪመለስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? መብራት ሲጠፋ አውቶክሌቩ በጄኔሬተር ይሠራል ወይ? ጠረጴዛ ሦስት ቢኖር፣ የመሣሪያ ስብስቡ ሁለት ብቻ ከሆነ ሌሊቱን የሚሠራው ሁለት ጠረጴዛ ነው።

ትሪያጅ ስለሚባለው የቁስለኞች ቅድሚያ አሰጣጥም አንድ ቃል ልበል። ቁስለኞችን በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በጥቁር መለየት ለድሬዳዋ የተለየ ጥቅም አለው፤ ቀለም ቋንቋ አይፈልግም። ቀይ መለያ የታሰረለት ሰው ሱማሊኛ ተናጋሪ ይሁን ኦሮምኛ፣ የሚቀበለው ነርስ ቅድሚያ እንደሚያሻው ያውቃል። ችግሩ ጥቁሩ ላይ ነው። ይህ ሰው አሁን ባለን አቅም አይድንም፣ ሌላውን እናስቀድም የሚለውን ውሳኔ ለእናቱ በገዛ ቋንቋዋ፣ በአባት ወግ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል። የአገር ሽማግሌዎችንና የሃይማኖት አባቶችን በልምምዱ ውስጥ እናስገባቸው የምለው ለዚህ ነው። በአደጋው ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐኪሙ ጋር መተዋወቅ የለባቸውም።

ወደ ሦስተኛው ክፍል ልለፍ፤ አጭር ነው። ድሬዳዋን ከጎርፉ ሌላ ደጋግሞ የመታት አደጋ ትንኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ ወረርሽኝ በዚህች ከተማ ተከሰተ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ የተባለው በሽታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከተማ የለመደችው፣ በውኃ ማጠራቀሚያ በርሜል የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የወባ ትንኝ እዚሁ ወረርሽኝ እንዳስነሳች በጥናት ተረጋግጧል። ይህ ከቀዶ ሕክምና ጋር ምን አገናኘው? ዴንጊ ሆድ ያማል፤ ትርፍ አንጀት ሊመስል ይችላል። ደም የሚያረጋውን ፕላትሌትም ያወርዳል፤ ሳይመረመር የተቀደደ ታካሚ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል። ለትኩሳቱ ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛው አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መድማቱን ያባብሳል። በዚያ ላይ ትንኟ ሐኪምና ታካሚ አትለይም፤ ቺኩንጉንያ የያዘው የቀዶ ሐኪም የእጁ አንጓ እያመመው መሣሪያ መጨበጥ አይችልም። የወረርሽኝ ክትትሉና የኦፕራሲዮን መዝገቡ ቢነጋገሩ፣ የዴንጊ ወቅት ሲገባ ከእያንዳንዱ የድንገተኛ ሆድ ኦፕራሲዮን በፊት የፕላትሌት ቆጠራ ግዴታ ማድረግ ይቻላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለሐረማያና ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የምለው ግልጽ ነው። የቀዶ ሕክምና ታካሚን ስታጠኑ አደጋው የደረሰበትን ሰዓት፣ ሆስፒታል የገባበትን ሰዓት፣ ቢላዋ የነካበትን ሰዓት፣ በምን እንደመጣና በ30ኛው ቀን በሕይወት መኖሩን ጨምሩ። ሰዓቱ በአንድ አቆጣጠር ይጻፍ፤ ሆስፒታሎቹ የፈለጉትን ይምረጡ፣ ግን አንዱን ይምረጡና መዝገቡ ሽፋን ላይ በትልቁ ይለጥፉት። ውጤቱንም በእንግሊዝኛ በሚታተም መጽሔት ላይ ብቻ አትተዉት፤ መዝገቡን የሞላችው ነርስ ዘንድ መልሱት። የጻፈችው ነገር ምን እንዳስገኘ ያየች ሰው በሚቀጥለው ሌሊት በጥንቃቄ ትጽፋለች።

ለእናንተ ለነዋሪዎቹ ደግሞ ሁለት ነገር አለኝ። የመጀመሪያው ከጎፋ የመጣ ትምህርት ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን መሬት ሲንሸራተት ጎረቤት የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጦ ደረሰ፤ ሁለተኛው ናዳ የወደቀው በረዳቶቹ ላይ ነው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሕዝብ ሥልጠና ይገባዋል። ለባጃጅ ሾፌሮች፣ ለገንደቆሬና ለአዲስ ከተማ ሰፈሮች ወጣቶች፣ ለቀፊራ ገበያ ነጋዴዎች የግማሽ ቀን ትምህርት ይሰጥ፤ የሚደማ ቁስልን በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ሳይለቁ መጫን፣ የተሰበረን እግር ከማንሳት በፊት ማሰር፣ አንገቱን ያመመውን ሰው ሳያጥፉ መጫን፣ ሁለተኛው ጎርፍ ወይም ናዳ እንዳይመጣ አንድ ሰው ከፍታ ላይ እያየ እንዲጮኽ ማቆም።

ሁለተኛው ደም ነው። ከደም ባንክ የምናወጣው ቀይ የደም ሕዋስ በተለመደው ከረጢት ውስጥ 35 ቀን ያህል ብቻ ነው የሚቆየው፤ ፕላትሌት ደግሞ አምስት ቀን ገደማ። አደጋ ደርሶ ልባችን ሲነካ ሁላችንም በአንድ ቀን እንሰለፋለን፤ ያ ደም ግን ተመርምሮ እስኪደርስ የመጀመሪያው ሌሊት ያልፋል፣ የተረፈውም ጊዜው አልፎበት ይደፋል። በሰኔ መጨረሻ የተለገሰ ደም ነሐሴን አያጋምስም። ስለዚህ በየቀበሌው፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየእድሩ ተራ እንዲወጣ እጠይቃለሁ፤ አንድ ሰው በሦስት ወር አንዴ መስጠት ስለሚችል፣ ሦስት ቡድን ሆናችሁ በየወሩ ብትፈራረቁ ክረምቱን ሙሉ ፍሪጁ ባዶ አያድርም። ስትወጡ በሩ ላይ የስም መመዝገቢያ ወረቀት አለ፤ የደም ዓይነታችሁን የማታውቁም ተመዝገቡ፣ እዚያው ይነገራችኋል። የሐምሌን ተራ የሚይዘው ቡድን ዛሬ ማታ ቢታወቅ ደስ ይለኛል።